«ይለምዳል» ትላላችሁ፤ ካልለመደስ?

ቪዛግ የተማረው፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ ስለ «አንቴ ሱንዳራኒኪ» የተጻፈውን አንብቤ በጣም ተናደድኩ። የተባለው ይሄ ነው፦ «ፊልሙ ወላጅን መዋሸት ነው የሚያስተምረው። እውነቱን ቢናገሩ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይለምዳል።» ስንቱ ሰው ላይክ እንዳደረገው ሳይ ደግሞ ባሰብኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ። የ2022 የደቡብ ህንድ ፊልም ነው፣ በቴሉጉ ቋንቋ፤ ዳይሬክተሩ ቪቬክ አትሬያ። ተዋናዩ ናኒ የአጥባቂ ብራህሚን (ከፍተኛው የሂንዱ የትውልድ ደረጃ) ቤት ልጅ የሆነውን ሱንዳርን ይጫወታል። ተዋናይቷ ናዝሪያ ደግሞ ሊላ ቶማስ የምትባል ክርስቲያን ፎቶ አንሺን ትጫወታለች። ቤተሰቦቻቸው እንደማይፈቅዱ ያውቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ውሸት ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። እሷ አርግዣለሁ ትላለች። እሱ መውለድ አልችልም ይላል።

እኔ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ ደቡብ ህንድ ቪዛግ ከተማ። «ይለምዳል» የሚለው ቃል እዚያ አገር እንዲህ በቀላሉ የሚወረወር አይደለም። ፊልሙ ሲኒማ የገባው ጁን 10 ነው። ከዚያ አንድ ወር ገደማ በፊት፣ ሜይ 4፣ ሀይደራባድ ሳሩርናጋር ላይ አንድ ሂንዱ ወጣት ሙስሊም ሚስቱ ዓይን ፊት መንገድ ላይ ተገደለ። ከተጋቡ ሦስት ወር ገደማ ነበር። ተጠርጥረው የተያዙት የሚስቱ ወንድምና ዘመዷ ናቸው። እነሱ ለምን አልለመዱም?

ቡና ወዳዷ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሜን መጥራት ትችል ነበር። ወንድሜ፣ ግድያን እዚህ ምን አመጣው? እኔ ያወራሁት ስለ ፊልሙ ሁለት ቤቶች ነው። የሱንዳር አባት ቢላ ይዞ አልወጣም። ሥርዓት የሚያጠብቅ፣ የሚፈራ፣ ልጁን የሚወድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አባት ቢነገረው ቀስ እያለ ይለምዳል። እናትየዋን አስቧት እንጂ! ልጄ መውለድ አይችልም ብላ ስንት ሌሊት ታለቅሳለች? ያ እንባ በሐሰት ነው የፈሰሰው። እኔን የከነከነኝ እሱ ነው።

ናኒ ፋን፦
ፊልሙን ዝቅ አታድርጉት በናታችሁ። ናዝሪያ የመጀመሪያ የቴሉጉ ፊልሟ ሆኖ የሊላን ድምፅ በቴሉጉ ራሷ ነው የሠራችው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ መጀመሪያው ላይ ጊዜው ወዲያ ወዲህ ስለሚዘል ብዙ ሰው ትዕግሥት አጥቶ ይተወዋል። ሁለተኛውን ግማሽ ሳያዩ የሚፈርዱ አሉ።

ቡና ወዳዷ፦
እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ሁለቴ።

የደሴ ልጅ፦
እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ይለመዳል። ወሎ ኑና እዩ። በአባቴ በኩል ሙስሊም ነን፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው። ሠርግ ሲኖር ሁለት ከብት ይታረዳል፣ የእስላሙ ወጥ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ለኢድ የእናቴ ዘመዶች ይመጣሉ፣ ለፋሲካ እኛ እንሄዳለን። ማንም ማንንም አልዋሸም።

ሕግ ተማሪ፦
የደሴው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየመኝ። እናትህ ስትጋባ ስሟን ቀይራለች?

የደሴ ልጅ፦
አዎ ቀይራለች። ፈልጋ ነው።

ሕግ ተማሪ፦
እኔ የምለው እሱን ነው። አንድ ሰው ሃይማኖቱን ከተወ መልመድ ይቀላል። ሱንዳርና ሊላ ግን ማንም ማንንም ሳይቀይር ነው መጋባት የፈለጉት። ህንድ ውስጥ ለዚህ ዋናው መንገድ የ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ ነው። ለመጋባት 30 ቀን ሲቀር ማስታወቂያ ታስገባለህ። ማስታወቂያው መዝጋቢው ቢሮ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። በነዚያ 30 ቀናት ማንም መጥቶ መቃወም ይችላል። ተቃውሞው የሚሰማው በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው፣ ሃይማኖት አንዱ አይደለም። ግን ዘመድ ወረቀቱን አንዴ ካየ በኋላ ምክንያቱ ምን ይጠቅማል? ማስታወቂያው ራሱ ልጆቹን አሳልፎ ይሰጣል። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2021 ጥንዶቹ ካልፈለጉ አይለጠፍ ብሏል። ያ ኡታር ፕራዴሽ ነው፤ ሀይደራባድ ሌላ ግዛት ነው።

ሌላም አለ። ንብረቱን በጋራ ከያዘ፣ ካልተከፋፈለ የሂንዱ ቤተሰብ የሆነ ሰው ከሌላ ሃይማኖት በዚህ ሕግ ከተጋባ፣ ሕጉ ራሱ ከዚያ ቤተሰብ እንደተለየ ይቆጥረዋል። አንቀጽ 19። አባት ይቅር ቢል እንኳ ወረቀቱ ይለያያቸዋል።

ቪዛግ የተማረው፦
አንድ እርማት። ሊላ ክርስቲያን ስለሆነች የ1872ቱ የክርስቲያን ጋብቻ ሕግም አለ። ከሁለቱ አንዱ ክርስቲያን ከሆነ በሱ መጋባት ይቻላል።

ሕግ ተማሪ፦
ልክ ነህ፣ ያ ቀረብኝ። ግን የሱንዳር አባት ልጁ በዚያ ሕግ ሲያገባ መጥቶ የሚቆም ይመስልሃል?

ቡና ወዳዷ፦
ሁላችሁም ከጥያቄዬ ሸሻችሁ። ሕጉ ከባድ ነው፣ እሺ። አገሩ አደገኛ ነው፣ እሺ። የእናት እንባስ? ቪዛግ የተማርከው፣ እሱን መልስልኝ።

ቪዛግ የተማረው፦
እመልሳለሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ብራህሚን ሴት ነበረች፣ አንቲ ነበር የምንላት። ስገባ መጀመሪያ የነገረችኝ እዚህ ቤት ሥጋ አይገባም፣ እንቁላልም አይቀቀልም ነው። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። በቀን ሁለቴ ሩዝና ራሳም የሚባል ሾርባ በብረት ሳህን ታመጣልኝ ነበር። ግን ደፉ ላይ አስቀምጣ ነው የምትሄደው። ወደ ክፍሌ አትገባም። ሳህኑን ስመልስ ለብቻው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እናቴ እንኳ እንደዚያ አላስታመመችኝም። ልጇ እንደኔው ተማሪ ነበር። አንድ ማታ ጣሪያ ላይ ተቀምጠን፣ ክፍሉ ውስጥ የምትማር አንዲት ክርስቲያን ልጅ እንደሚወድ ነገረኝ። «ለእናትህ ንገራት» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ከነገርኳት እኔንም ደፉ ላይ ነው የምታበላኝ» አለኝ።

ክፉ ሴት ብትሆን መዋሸት ለምን ያስፈልገዋል፣ ጥሏት ይሄድ ነበር። ሊያጣት ስላልፈለገ ነው ዝም ያለው። የሱንዳርም ውሸት እንደዚያ ነው የገባኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ይለምዳል» የምትሉት እኔን ስለሆነ ልናገር። የመጀመሪያዋ ልጄ አሜሪካ ነች። የሷ እምነት ያልሆነ ሰው አገባች። የነገረችኝ ከሠርጉ በኋላ ነው። የሠርጓን ፎቶ በስልክ ነው ያየሁት፣ ያውም እህቷ ልካልኝ። አሁን ባሏን እወደዋለሁ። ሲደውል «እማማ» ይለኛል። ለምጃለሁ ማለት ነው? ፎቶውን ግን እስከዛሬ አሳጥቤ ግድግዳ ላይ መስቀል አልቻልኩም። እጄ እምቢ ይላል። ያን ቀን አጠገቧ አልነበርኩማ።

ቡና ወዳዷ፦
እማማ፣ አንጀቴን በሉት። እንግዲህ ይኸው! እኔ የምለው ይሄን ነው። ነግራዎት ቢሆን ኖሮ ሠርጓ ላይ ነበሩ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እሱን ነው የማላውቀው፣ ልጄ። ነግራኝ ቢሆን ያኔ «እኔን ቀብረሽ አግቢ» እላት ነበር። ራሴን አውቃለሁ።

ቪዛግ የተማረው፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ቡና ወዳዷ፦
ቆይ፣ ገና አልጨረስንም። በውሸቱ ነገር አንተም መልስ አለብህ። ሊላ አርግዣለሁ ያለችው ለምንድን ነው? እርግዝና ከመጣ ቤተሰብ ምርጫ የለውም፣ ይቀበላል ብላ ነው። ያ ራሱ «ይለምዳል» አይደለም እንዴ? አንተ የምትከላከልላቸው ልጆች እኔ ባልኩት ነው ያመኑት!

ቪዛግ የተማረው፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ሚርያላጉዳ ከተማ የሆነውን አስቢ። 2018፣ ቴላንጋና። ልጅቷ የምር እርጉዝ ነበረች። ምርመራ አድርገው ከሆስፒታል ሲወጡ ባሏ በር ላይ ተገደለ። ቅጥረኛ ገዳይ ልኳል ተብሎ የተከሰሰው የገዛ አባቷ ነው። እሱ ፍርድ ሳያገኝ በ2020 ሞተ። በማርች 2025 ፍርድ ቤት አንዱን በሞት፣ ስድስቱን በዕድሜ ልክ ቀጣ። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ አባቱን አላዳነውም።

የደሴ ልጅ፦
ያ እኮ የካስት፣ የትውልድ ደረጃ ጉዳይ ነው። ሟቹ ዳሊት ነበር፣ ዝቅ ተደርጎ ከሚታየው ወገን። ሃይማኖት አታድርገው።

ቪዛግ የተማረው፦
ዳሊትም ክርስቲያንም ነበር። የሳሩርናጋሩም ዳሊት ነው። እዚያ ሁለቱን በቢላ ለይተህ መቁረጥ አትችልም። ፊልሙም የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው፣ ይሄንን ለቡና ወዳዷ እሰጣለሁ። ብራህሚን ወንድና ኑሮዋ የተደላደለ ክርስቲያን ሴት ነው የመረጠው። ሱንዳር ዳሊት ቢሆን ኖሮ ኮሜዲ አይወጣውም ነበር።

ናኒ ፋን፦
ሁሉም ፊልም ደም ማሳየት አለበት? ሰው ስቆ የተመለከተውን ነገር ቤቱ ሄዶ ከእናቱ ጋር ያወራዋል። የደም ፊልም ቢሆን እናቴ አጠገቤ አትቀመጥም ነበር። ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። የሱንዳር እናት ስታለቅስ እናቴም አለቀሰች፣ ስላልገባት እየተረጎምኩላት።

ቡና ወዳዷ፦
እናትህ ያለቀሰችው ለውሸት ነው። ይሄው አልኳችሁ።

ሕግ ተማሪ፦
ቡና ወዳዷ፣ አንቺ መዋሸትን ብቻ ነው የምታዪው። ልጆቹን ውሸት ያስጀመረው ማን እንደሆነ አንድም ጊዜ አልጠየቅሽም። ፈሪ ነሽ እንጂ ታውቂዋለሽ።

ቡና ወዳዷ፦
ፈሪ? እኔ ባሌን ስመርጥ አባቴ ፊት ቆሜ ነው የተናገርኩት። ሁለት ዓመት አላናገረኝም። ሁለት ዓመት! ዛሬ የልጄን እጅ ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። ስለዚህ «ይለምዳል» ስል ከመጽሐፍ አላነበብኩትም።

ቪዛግ የተማረው፦
የአንቺ አባት ለመደ። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምለው። ያ ጣሪያ ላይ ያወራኝ ልጅ ግን ሳይነግራት ዲግሪውን ይዞ ባንጋሎር ሄደ። ልጅቷም ሌላ አገባች። እሱ ላይ ትፈርጃለሽ?

ቡና ወዳዷ፦
እሱ ላይ አልፈርድም። ግን ፈሪ ያለኝ ሰው ቃሉን ያንሳ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ።

ሕግ ተማሪ፦
አንስቻለሁ፣ ይቅርታ። ውሸቱ ላይ ያልኩትን ግን አላነሳም።