ክፍለ ጦር እና የጦር ክፍል አንድ ናቸው እንዴ?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባህር ዳር ነኝ ፋሲሎ አካባቢ። የአያታችን ሙት ዓመት ስለደረሰ የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፍን ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጸሎቱ በኋላ ይነበባል፣ ባነርም እናሠራለን። ወጣት እያሉ የተነሱት ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ «3ኛ ክ/ጦር ሐረር 1959» የሚል ጽሑፍ አለ። የአጎቴ ልጅ ለማተሚያ ቤቱ ሲልክ ምህጻረ ቃሉን ዘርዝሮ «3ኛ የጦር ክፍል» አደረገው፣ እኔ ክፍለ ጦር ነው የሚባለው ስለው ቃሉ ተገለበጠ እንጂ ያው ነው ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ያው ነው? አብረዋቸው ያገለገሉ ሽማግሌዎች ስለሚመጡ ስህተት ተጽፎ እንዲያዩ አልፈልግም።

ሽምብጥ፦
ወንድሜ ያው ነው ባክህ፣ ሁለቱም ጦር ሁለቱም ክፍል፣ አትጨናነቁ። ነፍሳቸውን ይማር።

የድሮ ወታደር፦
ልጄ ነፍሳቸውን ይማርልን። አንድ አይደለም፣ እንዲታተም አትፍቀድ። የጦር ክፍል ማለት ማንኛውም ክፍል ነው፣ መቶውም ሻምበሉም ሻለቃውም ብርጌዱም የጦር ክፍል ይባላል። እኛ እንዲያውም ጦር የምትለውንም ትተን «ክፍልህ የት ነው?» ነው የምንባባለው፣ ፈቃዱን የጨረሰ ሰውም «ወደ ክፍሉ ተመለሰ» ይባላል። ክፍለ ጦር ግን አንድ የታወቀ እርከን ነው፣ ከብርጌድ በላይ ያለው፣ በሥሩ ብርጌዶች አሉት፣ መድፈኛው መሐንዲሱ መገናኛው ሁሉ ተሟልቶለት ራሱን ችሎ የሚዋጋ። ሰውም እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል እንጂ ብዙውን ጊዜ 10,000 እና ከዚያም በላይ ነው። በጃንሆይ ጊዜ በቁጥር የሚጠሩ 4 ክፍለ ጦሮች ነበሩ፣ 1ኛው ክቡር ዘበኛ፣ 2ኛው አስመራ፣ 3ኛው ሐረር፣ 4ኛው አዲስ አበባ። ስለዚህ «3ኛ ክፍለ ጦር» ስትል ያገለገለ ሰው ወዲያው ሐረር ይልሃል፣ በ1956 ከሶማሊያ ጋር ኦጋዴን ላይ የተዋጋው እሱ ነው። «3ኛ የጦር ክፍል» ብለህ ብትጽፍ ግን የምን 3ኛ? ማንም አያውቀውም።

የቋንቋ መምህር፦
የድሮ ወታደር እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ በቋንቋው በኩል ልጨምር። ክፍለ ጦር በግዕዝ አሠራር የተያያዘ ስም ነው፣ እንደ ክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ዘመን፣ ክፍለ ከተማ። ዘመን እንኳ ውሰዱ፣ ክፍለ ዘመን ስትሉ 100 ዓመት ነው፣ የዘመን ክፍል ስትሉ ግን 5 ዓመትም ሊሆን ይችላል። ከተማችንም አሁን በክፍለ ከተማ ተከፍላለች፣ ጠያቂው ያለበት ፋሲሎ አንዱ ነው፣ ፋሲሎን «የከተማ ክፍል» ብሎ ማህተም የሚያስቀርጽ የለም። ሲበዙም ይለያያሉ፣ ክፍለ ጦሮች እና የጦር ክፍሎች። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ኮሪያ የዘመተውን ቃኘው ተመልከቱ፣ በ1943 የሄደው የመጀመሪያው የእኛ የጦር ክፍል ቃኘው ሻለቃ ነው፣ የተመደበው ደግሞ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር። ቃኘውን የጦር ክፍል ማለት ልክ ነው፣ ክፍለ ጦር ካልነው ግን አንዱን ሻለቃ ብዙ እጥፍ አሳደግነው ማለት ነው።

ሽምብጥ፦
እሺ ክፍለ ከተማ ሲባል ገባኝ፣ ሀሳቤን አንስቻለሁ።

የጣና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለማተሚያ ቤቱ ደውዬ አስቁሜዋለሁ። ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ፎቶው ላይ ከክ/ጦር ሥር ቁጥሩ የደበዘዘ «ሻለቃ» የሚል አለ። እኛ አያታችንን የምናውቃቸው በሃምሳ አለቃነት ነው፣ ሻለቃ ነበሩ ማለት ነው እንዴ?

የድሮ ወታደር፦
አይደለም ልጄ። ሻለቃ የማዕረግም የጦርም ስም ነው፣ ሻምበልም እንዲሁ። እንደ ሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ከተከተለው ማዕረግ ነው፣ ቁጥር ከቀደመው ግን ጦሩ ነው። ሻለቃ ጦርን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ሌተና ኮሎኔል ነው፣ የቃኘው የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ተሾመ እርገቱም ሌተና ኮሎኔል ነበሩ። ስለዚህ ከአያትህ ስም በፊት ሃምሳ አለቃ ብለህ ጻፍ፣ ቀጥሎ 3ኛ ክፍለ ጦር፣ ሻለቃውን ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ አስገባው። ፎቶውን በደንብ አብርተህ አንሳና እዚህ ለጥፈው፣ ሐረር የነበሩ ሰዎች አውቃለሁ አሳያቸዋለሁ።