ጂም፣ የመሪ ጌምና ካርት አንድ ላይ፦ ክንድ ይደነዝዛል፣ ፍሬን ይለዋወጣል፣ ምን ይሻላል?

ባርና_ፍሬን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሦስቱንም ለምትወዱ ሰዎች ነው። በሳምንት አራት ቀን ብረት አነሳለሁ፦ ስኳት፣ ቤንች፣ ዴድሊፍት (ባር ከመሬት ማንሳት)፣ ትከሻ። ማታ ማታ በሎጊቴክ ጂ29 መሪ አሴቶ ኮርሳ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም እጫወታለሁ። ወደፊት ካርት (ትንሿን የውድድር መኪና) መንዳትም አስቤያለሁ። መሪው የታሰረው ተራ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወንበሩ ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር፣ ስክሪኑ 27 ኢንች። ቤቱ አዲስ አበባ፣ መብራት ሄድ መጣ የሚልበት ሰፈር።

የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ክንዴ ይወጠራል፣ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ፍሬን የምይዝበት ቦታ በየዙሩ ይለያያል። ከዴድሊፍት ማግስት ወገቤ አያስቀምጠኝም። ያለኝ ብር ለአንድ ነገር ነው የሚበቃው፤ ጉልበት ያለው መሪ ልግዛበት ወይስ ሌላ? ሳምንቱን እንዴት ላደራጀው? አንገቴንስ ለካርቱ እንዴት ላጠንክር?

አፔክስ_አዲስ

መሪውን ተወው። የጂ29 ጉልበት ወደ 2 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከዳይሬክት ድራይቮቹ (መሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚገጠምባቸው) ትንንሾቹ 4 ወይም 5 አካባቢ ይጀምራሉ። በ2 የደነዘዘ ክንድ በ5 ይብስበታል። ብሩ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ይሂድ፣ ከተረፈ ወደ ፍሬኑ።

ጎማ ባለው ወንበር ፍሬን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ፔዳሉን ስትረግጥ ወንበሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እግርህም ያንን ለማካካስ ይዘረጋል፤ ለሚቀጥለው ኩርባ መነሻህ ሌላ ቦታ ሆነ ማለት ነው። ለዛሬ ማታ የወንበሩን እግር ከጠረጴዛው እግር ጋር በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ወጥረህ እሰር፣ ፔዳሉን ከግድግዳ ጋር አስደግፈው። ይሄ ብቻውን ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ለዘለቄታው ሶማሌ ተራ (ያገለገለ የመኪና ዕቃ ሰፈር) ሄደህ ያገለገለ የመኪና ወንበር ከነሐዲዱ ግዛ። ጎኑ ላይ የኤርባግ ምልክት ያለበትን አትውሰድ፤ ውስጡ የሚፈነዳ ነገር ስላለ አጠገቡ መበየድ አደገኛ ነው። ብየዳ ቤት 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ፣ አስቆርጥ። ርዝመቱ 1.40 ሜትር ይበቃል፤ ስፋቱን ከወንበሩ ሐዲድ ቀዳዳዎች ለካ እንጂ በግምት አትናገር። ፔዳሉ የሚያርፍበት ላሜራ 3 ሚሊ ሆኖ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ ብረት ይኑረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ላሜራው ብቻውን ሲሆን በረገጥከው ቁጥር ይለመጣል፣ ያ መለመጥ ደግሞ ልክ እንደሚሸሽ ወንበር ነው። የመሪው ምሰሶና የታችኛው ብረት የሚገናኙበት ላይ ሰያፍ ድጋፍ አስገባ። ከመበየዱ በፊት ተቀምጠህ ለካ፦ ትከሻህ ከመደገፊያው ሳይለቅ የእጅህ አንጓ የመሪው አናት ላይ መድረስ አለበት፣ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ጉልበትህ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ቀዳዳዎቹን ሞላላ አስደርጋቸው፤ በኋላ ማስጠጋት ማራቅ ትፈልጋለህ።

የጂ29 ፍሬን ፔዳሉ የት እንደደረሰ እንጂ ምን ያህል እንደገፋህ አይለካም። ውስጡ ያለው ጎማ መጨረሻው ላይ በጣም ስለሚጠነክር ብዙዎች 100 ፐርሰንት ሳይደርሱ ይቀራሉ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብተህ፣ ሳትጨነቅ ደጋግመህ የምትረግጠው ግፊት 100 ሆኖ እንዲነበብ አስተካክል። በኋላ ብር ሲገኝ ለዚሁ ፔዳል የሚገጠም የሎድ ሴል ኪት አለ፤ እሱ ግፊትን ይለካል፣ እግር ደግሞ ከርቀት ይልቅ ግፊትን በደንብ ያስታውሳል። ሎድ ሴል ስትገጥም ሙሉ ፍሬኑን 30 ወይም 40 ኪሎ ላይ አድርገው። የፎርሙላ 1 ሾፌሮች ከ100 ኪሎ በላይ ይረግጣሉ ብለህ አትከተላቸው፤ እነሱ የሚቀመጡት ለሰውነታቸው በተቀረጸ ወንበር ላይ በቀበቶ ተጠፍረው ነው።

የነዳጅ ወይም የፍሬን ንባቡ ሳትነካው የሚዘል ከሆነ ፔዳሉ ውስጥ ያለው ፖቴንሽዮሜትር (ፔዳሉ የት እንደደረሰ የሚለካው ክፍል) አቧራ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከኮምፒውተሩ ንቀለው፣ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ንፋበት፣ ፔዳሉን ሠላሳ አርባ ጊዜ እየረገጥክ ልቀቀው፣ እስኪደርቅ ጠብቀህ መልሰው።

ክንድህን በተመለከተ የፎርስ ፊድባኩን (መሪው እጅህን መልሶ የሚገፋበትን ኃይል) መጠን እይ። ጨዋታው የሚልከው ኃይል ጣሪያውን ነክቶ እዚያው ሲቀር መሪው ዝም ብሎ ይከብዳል፣ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር የሚነግርህ ስስ ስሜት ይጠፋል። አሴቶ ኮርሳ ላይ የፔዳሎቹን ማሳያ ክፈት፤ የፎርስ ፊድባኩ አሞሌ በረጅሙ ፈጣን ኩርባ ላይ ቀይ ሆኖ ከቆየ ጌይኑን (የኃይሉን መጠን ማስተካከያ) በ5 በ5 ፐርሰንት አውርድ። ቀዩ የመንገዱን ጠርዝ ስትወጣ ብቻ ብልጭ ማለት አለበት።

ስለ ስክሪኑም፦ 27 ኢንች ከዓይንህ 60 ሴንቲ ርቆ ከሆነ ጌሙ ላይ የምትሞላው ትክክለኛው የቁመት እይታ (ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች የሚያሳየው ማዕዘን) 31 ዲግሪ ገደማ ነው። መጀመሪያ ጠባብ ሆኖ ያስጨንቃል። ግን ርቀትና ፍጥነት በትክክል የሚታዩህ በዚያ ነው፤ እይታው ሲሰፋ ኩርባው የራቀ ስለሚመስል አንዴ ቀድመህ አንዴ ዘግይተህ ትይዛለህ።

የብረት_ልጅ

አፔክስ ዕቃውን ጨርሶታል፣ እኔ ወደ ብረቱ ልሂድ። ሦስቱም ነገሮች የሚበሉት ከአንድ ጎተራ ነው፦ ክንድ፣ ወገብ፣ እንቅልፍ። አራት ቀን ጂም እየሄዱ ማታ ማታ መሪ መጨበጥ ለክንድ ዕረፍት የለውም፣ ስለዚህ ወደ ሦስት ቀን አውርደው። ሰኞ ስኳትና ቤንች፣ ሐሙስ ዴድሊፍትና ሮው፣ ቅዳሜ ትከሻና ቀለል ያለ ስኳት። ማክሰኞና እሑድ ረጅሙን ውድድር ንዳ። ረቡዕ 40 ደቂቃ ያህል ማውራት በሚያስችል ፍጥነት ሩጥ ወይም ፈጠን ብለህ ተራመድ። ዓርብ ግን ወንበሩ ላይ አትቀመጥ፣ ወገብህ ገና ከሐሙሱ አላገገመም።

ዴድሊፍትን ከባድ 5 ጊዜ አንድ ዙር ብቻ አድርግ፣ ከዚያ 15 ፐርሰንት ቀንሰህ ሁለት ዙር ጨምር። በከባዱ ዙር ስትራፕ (እጅን ከባሩ ጋር የሚያስር ጨርቅ) ተጠቀም። ስትራፕ ጭብጥ ያዳክማል የሚሉህን አትስማ፤ ማሟሟቂያውን ያለስትራፕ ካነሳህ ጭብጥህ የትም አይሄድም፣ የተረፈው ክንድ ደግሞ ለመሪው ይሆናል። በሐሙስ ማግስት የሚያምህ ጎንበስ ብለህ ስለምትቀመጥም ሊሆን ይችላል። ፎጣ ጠቅልለህ ከቀበቶህ ከፍ ብሎ ወገብህ ጎድጎድ ያለበት ላይ አስገባ።

የክንድ ሥራ ስትሠራ የሚጨብጠውን ሳይሆን የሚዘረጋውን ጡንቻ ሥራ። ላስቲክ በአምስቱ ጣቶችህ ላይ አጥልቀህ ጣቶችህን ክፈት፣ 20 ጊዜ ሦስት ዙር። መዳፍህን ወደ ታች አዙረህ ባር ከርል፣ 12 ጊዜ ሦስት ዙር።

አንድ ነገር ልጨምር። የምታነሳበትን ባር መዝነው። የኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት ውድድር ባር ለወንድ 20 ኪሎ፣ ለሴት 15 ኪሎ ነው፤ እዚሁ የተሠራ ባር ግን 12ም 14ም ሊሆን ይችላል፣ ክብደቶቹም የተጻፈባቸውን ላይመዝኑ ይችላሉ። ሁለቱ ጎን በአንድ ኪሎ ከተለያየ ወገብህ ሳታውቀው ወደ አንድ በኩል ሊጣመም ይችላል። በሚዛን አረጋግጠህ ትክክለኛውን በቀለም ጻፍበት።

ጉልበተኛ_77

ለአንገት ብሪጅ ምርጥ ነው፣ ታጋዮች ሁሉ የሚሠሩት ነው። በጭንቅላትህ ቆመህ ወደፊት ወደኋላ ተወዛወዝ፣ በቃ።

ፊዚዮ_ለሁሉ

ጉልበተኛ ወንድሜ፣ እባክህ ይህንን ለጀማሪ አትምከር። ብሪጅ ላይ የሰውነት ክብደት ትልቁ ክፍል ወደ ኋላ በተቀለበሰ አንገት ላይ ያርፋል፣ ጭነቱን ለመቀነስም አይመችም። ታጋዮች በአሰልጣኝ ሥር ዓመታት ወስደው ነው እዚያ የሚደርሱት። የሾፌር አንገት ደግሞ የሚጫነው በዋናነት ወደ ጎን ነው። ጭንቅላትና ሄልሜት አንድ ላይ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይሆናሉ፤ ፎርሙላ 1 ላይ በ5 ጂ (የመሬት ስበት አምስት እጥፍ) ኩርባ ያ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቤት ውስጥ መሪ ስትይዝ ግን አንገትህ ላይ ምንም ጂ የለም፣ ስለዚህ የአንገት ሥራ የሚያስፈልግህ ለካርቱ ነው፣ ጊዜም አለህ።

እንዲህ ጀምር። መዳፍህን በግንባርህ፣ በማጅራትህ፣ ከዚያ በግራና በቀኝ እያደረግክ ግፋ፣ ጭንቅላትህ ግን አይንቀሳቀስ። በየአቅጣጫው 10 ሴኮንድ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከሙሉ ኃይልህ ግማሹን ብቻ። ሰኞና ሐሙስ ብረቱን ስትጨርስ ሥራው። ከአንድ ወር በኋላ ወደ ላስቲክ ባንድ እለፍ። ቀጥሎ በጎንህ አግዳሚ ላይ ተኝተህ፣ 2.5 ኪሎ በፎጣ ጠቅልለህ ጭንቅላትህ ላይ ይዘህ፣ 15 ጊዜ በዝግታ። ጭማሪው ከ1.25 ኪሎ አይብለጥ። ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ወይም መንዘር ከመጣ ወዲያው ይቁም።

ስለ መደንዘዙ፦ ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ ነርቩ የሚጨነቀው ብዙ ጊዜ ክርን ላይ ነው። መሪው ከፍ ሲል የክርን ማዕዘን ከ90 ዲግሪ በታች ይጠባል፣ የጠረጴዛው ጠርዝም ክርንህን ይጫነዋል። መሪውን ዝቅ አድርገው፣ ክርንህ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ይከፈት፣ ጠርዙ ላይም አታሳርፈው። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ቢሆኑ ኖሮ የምናየው የእጅ አንጓን ነበር። እጆችህን በሰዓት ፊት 9 እና 3 ቁጥር ላይ አድርግ፣ በየቀጥታው መንገድ ጣቶችህን ፈታ አድርገህ አየር አውጣ። አብዛኛው ሰው ኩርባ ላይ ትንፋሹን ይይዛል፤ ለስኳት ጥሩ ነው፣ ለ40 ደቂቃ ውድድር ግን ክንድን ያደርቃል። መደንዘዙ ሌሊት የሚቀሰቅስህ ከሆነ፣ ወይም ጣቶችህን መዘርጋት ካቃተህ፣ ጂሙንም መሪውንም ትተህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ካርት_ዱባይ

ዱባይ ወይም አቡዳቢ ዘመድ ያላችሁ የኪራይ ካርት እዚህ በቀላሉ ይገኛል፤ ዱባይ አውቶድሮም ያለው የካርት ትራክ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው። ከጌም ለሚመጣ ሰው ሁለት ነገር እንግዳ ይሆንበታል። አንደኛ፣ የኪራይ ካርት ፍሬን በአብዛኛው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። መሪው ታጥፎ ሳለ ብትረግጠው ጅራቱ ይዞርብሃል። መሪው ቀጥ እንዳለ ጨርሰህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ከዚያ እጠፍ። ሁለተኛ፣ ካርት ዲፈረንሻል (የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል) የለውም፣ የኋላው አክስል አንድ ወጥ ብረት ነው። ለመታጠፍ የውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ትንሽ መነሳት አለበት፣ እሱን የሚያነሳው ደግሞ መሪው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች የሚይዙት ማዕዘን ነው። ሰውነትህን ወደ ውስጥ ካጋደልክ ያንን ጎማ መልሰህ ትጫነዋለህ፣ ሞተሩም ይታነቃል። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።

ቤት ውስጥ በግራ እግር ፍሬን መያዝ ከአሁኑ ልመድ፤ ካርት ላይ ሌላ ምርጫ የለም። ሁለቱን ፔዳል አንድ ላይ ግን አትርገጥ። የጎድን አጥንት መከላከያም ይኑርህ። ደረትህ ምንም ያህል ጡንቻ ቢኖረው የመቀመጫው ጠርዝ የሚመታው ጎንህን ነው።

ወረዳ_ቮልት

ስለ መብራቱ በአጭሩ። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ አብረው 300 ዋት ከወሰዱ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚተካ ዕቃ) ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጥህ፦ ውድድሩን ለመጨረስ ሳይሆን በሥርዓት ለማጥፋት። ገምተህ አትግዛ፤ ከቪኤው ይልቅ ዋቱን አንብብ፣ ብዙ ጊዜ 600 ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ማራገቢያ የሚገፋው አየር ሳስቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው፣ አቧራውንም በየወሩ አስወግድ። ካርቡራተር ያለው የካርት ሞተርም እዚህ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፤ የነዳጅ ቀዳዳው በትንሽ ካልተቀየረ ነዳጅ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል።

ባርና_ፍሬን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንበሩን እንደምሠራ ወስኛለሁ። አንድ ቀረኝ፦ በጾም ጊዜ ፕሮቲን ከየት? ክብደቴ 70 ኪሎ ነው።

የብረት_ልጅ

በኪሎ 1.6 ግራም ብለን እንያዝ፣ 112 ግራም ይሆናል። ሲደርቅ የተመዘነ 200 ግራም ምስርና ሽምብራ ወደ 45 ይሰጥሃል። ከ250 ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣ እንጀራ 30 ገደማ፣ 50 ግራም ኦቾሎኒ 12፣ 50 ግራም የደረቀ የአኩሪ አተር ሥጋ 25። ይኸው ደረሰ፣ ዱቄት ፕሮቲን መግዛት አያስፈልግም። ክሬአቲን ካገኘህ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ በማንኛውም ሰዓት።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከባዱን ብረት ከምግብ በኋላ 11 ሰዓት ላይ አድርገው፣ ሐሙስን በተለይ። በሁዳዴ ክብደት ለመጨመር አትሞክር፤ ያለህን ኪሎ ይዘህ የዙሩን ብዛት በሲሶ ቀንስ። ማታ የምትነዳ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ቡና ከ9 ሰዓት አይለፍ፣ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው።

አፔክስ_አዲስ

ወንበሩ ሲያልቅ መለኪያ እንዲሆንህ፦ ጌሙ ላይ የሞንዛን ትራክ ክፈት፣ ጂቲ3 የሚባለው ምድብ መኪና፣ የመጀመሪያው ቺኬን (ግራና ቀኝ የሚጠማዘዘው ኩርባ)። 150 ሜትር ሰሌዳው ላይ ሙሉ ፍሬን ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ እግርህን ቀስ በቀስ አላላ። አሥር ዙር ቦታውን ሳትቀይር ንዳ። መኪናው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመልህ ሰሌዳውን በ10 ሜትር አሳልፍ። አሁንም የሚለያይ ከሆነ ተነስተህ የፔዳሉን ላሜራ በእጅህ ግፋው፣ ሲለመጥ ታየዋለህ።