የአረፋው በሬ ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ነበረበት፣ ውሻችን በላው

ጥያቄ፣ የቆጪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ቆጪ ነው የምንኖረው። ለአረፋ ከጎረቤት ጋር ሆነን ግቢያችን ውስጥ በሬ አረድን። አራጁ ደረቱን ሲከፍት ሳንባው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህሉ ነጫጭ እብጠቶች ነበሩ። አንዱን ቢላ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ፊጭ አለ። "ይሄ አይበላም" ብሎ ወረወረው። ውሻችን ቦቢ አፈፍ አድርጎ ቡናው ሥር ወስዶ ጨረሰው። ዛሬ 11 ቀኑ ነው። እኛ ሥጋውን ጠብሰን በላን። ልጆቼ 4 እና 7 ዓመታቸው ነው፣ ከቦቢ አንገት አይወርዱም። ትላንት አንዲት ዘመዴ ያ ነገር ሰው ጉበት ላይም ይወጣል ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
እህቴ አይዞሽ። ሥጋውን በመብላታችሁ ይሄ በሽታ አይይዛችሁም። እንደገለጽሽው ከሆነ ሃይዳቲድ ሲስት ይመስላል፣ የውሻ ትል ዕጭ የሚሠራው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው። ጅማ ቄራም ሳንባና ጉበት ከሚያስጥሉት ነገሮች አንዱ ነው። ውሻ ከረጢቱን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ሣር ላይ ሲያርፍ በሬና በግ ይግጡታል፣ ከውሻው ፀጉር ላይ ደግሞ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይሄዳል።

ከ11 ቀን በፊት የበላው ገና እንቁላል አይጥልም፣ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ግን ቦቢ ከዚህ በፊትም ሳንባ በልቶ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዪ፣ ነገ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም፤ 20 ኪሎ ከሆነ 100 ሚሊግራም ማለት ነው። የሰው ክኒን በግምት ቆርሰሽ እንዳትሰጪው፣ ይመዘን። አይቨርመክቲን ቢሰጡሽ ይሄን ትል አይነካውም። ከዋጠ በኋላ 2 ቀን እሰሪው። ዓይነ ምድሩን በአካፋ ሰብስበሽ አቃጥዪ ወይም በጥልቀት ቅበሪ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም።

የመርካቶው
እኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ኮሶ ጠጡ ይላሉ፣ ለዚህስ አይሆንም?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
አይሆንም ወንድሜ። ኮሶ የሚያወርደው ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውንና አንጀት ውስጥ ያለውን ረጅሙን ትል ነው። ይሄኛው ግን ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ነው የሚቀመጠው። ጥሬ ሥጋ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰውም ይይዘዋል።

ያለፈበት
እኔ ጉበቴ ላይ ወጥቶብኝ ነበር። ለዓመታት ምንም አላመመኝም፣ ከዚያ በቀኝ ጎኔ ክብደት ይሰማኝ ጀመር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ጨጓራ ነው ብለው መለሱኝ። በኋላ ነው በአልትራሳውንድ የታየው። አልቤንዳዞል ለወራት ወሰድኩ፣ ቀዶ ጥገናም ተደረገልኝ። እባካችሁ ማንም ሰው በመርፌ ወይም በወጌሻ እንዲፈርጥ አይፍቀድ። ውሃው ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሊገድል ይችላል፣ ከተረፉም ሌሎች ከረጢቶች ይፈለፈላሉ።

የቆጪዋ
አላህ ይስጣችሁ። ልጆቹን አሁን ላስመርምር? እጃቸውን በአልኮል እጠርግላቸዋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
አልኮል እንቁላሉን አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ ፈትጊ፣ በተለይ ከምግብ በፊት። ጓሮ ጎመንና ሰላጣ ካለሽ አጥሪው፣ ቦቢ እንዳይገባ። ከረጢቱ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዛሬ ቢታዩ ከሰሞኑ የገባ አይገኝም። ግን ከቦቢ ጋር የኖሩት ቆይተው ስለሆነ፣ ሐኪም ስታገኚ ይሄን ታሪክ ንገሪው፣ አልትራሳውንድ ያስፈልግ እንደሆነ እሱ ይወስናል። ቦቢን በየ6 ሳምንቱ ማከም አትርሺ።

አራጅ ነኝ
የእኛም ጥፋት አለበት። ብዙዎቻችን ወርውረን እንሄዳለን። እኔ አሁን ሳላርድ በፊት ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፣ እንዲህ ያለ ሳንባ ሲገኝ እዚያው ገብቶ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ውሻ ጭሮ እንዳያወጣው። ለውሻው አንጀቴ አልችል ካለ ደግሞ ጤነኛ የሚመስለውንም ግማሽ ሰዓት አንፈቅፍቄ ነው የምሰጠው። ለሚቀጥለው በዓል ጉድጓዱን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ አራጁ ቸኩሎ ነው የሚመጣው።