የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ ወደ ነርሲንግ በየት በኩል ልግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ከመጣሁ 2 ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ አሁን በአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ነኝ። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። አንዱ 4 ዓመት ይፈጃል ይለኛል፣ ሌላው በ1 ዓመት ከመንፈቅ ትጨርሻለሽ ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ለሚገባ 4 ዓመት ነው። በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር የሚወስድ የተፋጠነ ፕሮግራም አለ። ግን ያ ጊዜ የሚቆጠረው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ከተጠናቀቁ በኋላ ነው። የአካውንቲንግ ተመራቂ እነዚህን የሳይንስ ኮርሶች ከባዶ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባሽ በኋላም ሥራ ይዞ መማር እጅግ ይከብዳል፤ የልጆችሽን ወጪ የሚሸፍን ሰው ከሌለ አልመክርሽም።

እኔ የምመርጥልሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ነው። የ2 ዓመቱን ዲፕሎማ ይዘሽ የምትፈተኚው ኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ ፈተና) የ4 ዓመቱ ተመራቂ የሚፈተነው ራሱ ነው፤ ፈቃዱም አንድ ነው። አርኤን (ባለ ሙሉ ፈቃድ ነርስ) ሆነሽ ደመወዝ እያገኘሽ ቢኤስኤኑን (የ4 ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ) በኢንተርኔት ትጨርሻለሽ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ከክፍያው ይጋራሉ። ዲፕሎማው ላይ ግን አትቁሚ። ኒው ዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንዲይዙ ታስገድዳለች፤ በሌሎች ስቴቶችም ትልልቅ ሆስፒታሎች ሲቀጥሩ ባለ ቢኤስኤኑን ያስቀድማሉ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፔል የሚባለው የፌዴራል የነጻ ትምህርት ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም ያው ነው። «ዲግሪሽን ደብቂ» የሚሉሽ ይኖራሉ። እባክሽን አትስሚያቸው፤ በመንግሥት ቅጽ ላይ የሐሰት ቃል መፈረም ነው። የስቴት ድጎማና የትምህርት ብድር ስላለ የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ጠይቂ።

እኔ በችኮላ አንድ የግል ትምህርት ቤት ገብቼ ኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለውን የነርስ ደረጃ) ተማርኩ። ወደ ኮሌጅ ስሻገር ከክሬዲቶቼ አንዱንም አልተቀበሉኝም፤ 1 ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ቀለጠ። አንቺ ከመክፈልሽ በፊት ፕሮግራሙ በሜሪላንድ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆኑን፣ ክሬዲቱን የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበል በጽሑፍ አረጋግጪ።

ትችያለሽ፣ እህቴ። እኔ አናቶሚን ያጠናሁት በሌሊት ፈረቃ ነው። የአጥንት ስሞች የጻፍኩባቸው ካርዶች ከዩኒፎርሜ ኪስ አይጠፉም ነበር። እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንዲት አሮጊት ካርዶቹን አይተው ክንዳቸውን ይዘረጉልኝና «ቁጠሪ» ይሉኝ ነበር። ከትከሻቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እየነካሁ እቆጥርላቸው ነበር። ፈተናውን ማለፌን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ትራንስክሪፕቴ ኮፒው ብቻ ነው በእጄ ያለው፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። አገር ቤት ለምታምኚው ዘመድ ውክልና ላኪና ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ያስልክልሽ። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የአናቶሚ ምዝገባሽን ሳታዘገዪ ጎን ለጎን አስኪጂው።