ለ9 ወር ልጅ ባለ ፍሬም የጀርባ ማዘያ፦ ምን አይቼ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የቢቢ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ወር ሞልቷታል፣ 8 ኪሎ ተኩል ናት፣ ያለ ድጋፍ በደንብ ትቀመጣለች። እኔና ባለቤቴ ረጅም የእግር ጉዞ እንወዳለን። ጫካ፣ ዳገት፣ ድንጋያማ መንገድ፣ ጋሪ የማይገፋበት ቦታ ሁሉ። እስካሁን የምይዛት ደረት ላይ በሚታሰረው የጨርቅ ማዘያ ነው። አሁን ግን ከብዳኛለች፣ ትከሻዬ አለቀ፤ እሷም ፊቷ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ምንም ስለማታይ ትነጫነጫለች። ስለዚህ እንደ ተጓዥ ቦርሳ ጀርባ ላይ የሚወጣውን፣ ፍሬም ያለውን ልገዛ ነው። ችግሩ ዓይነቱ በዛብኝ፣ ሁሉም ደግሞ "ምቹ ነው" ይላል። ባለቤቴ ረጅም ነው፣ እኔ አጭር ነኝ፤ አንዱን ለሁለት መጠቀም እንችላለን? ያገለገለ ብገዛስ?

መልስ፦ ዳገት ወዳድ

እህቴ፣ መጀመሪያ ብራንዱን እርሺው። ወገብሽን አስቢ። ጥሩ ማዘያ ሸክሙን ዳሌ ላይ ያሳርፋል፣ የትከሻ ሥራ ማዘያው ወደ ኋላ እንዳይጎትትሽ መያዝ ብቻ ነው። እጅሽን ወገብሽ ላይ ስታደርጊ የሚነካሽ ጠንካራ አጥንት አለ አይደል፣ የቀበቶው ስፖንጅ እሱን አቅፎ መቀመጥ አለበት። ሆድሽ ላይ ከወጣ ትንፋሽ ያሳጥርሻል፣ ከወረደ ደግሞ ዳገት ላይ እግርሽን ባነሳሽ ቁጥር ይፈገፍግሻል።

ስትሞክሪው ሁሉንም ማንገቻ አላልተሽ ልበሺው። ቀድመሽ የወገቡን ቀበቶ አጥብቂ፣ ቀጥሎ የትከሻውን፣ ከዚያ ከትከሻሽ አናት ወደ ፍሬሙ የምትሄደውን ቀጭን ማጥበቂያ፣ በመጨረሻም ደረትሽ ላይ የምትታሰረውን። ቀጭኗ ማጥበቂያ ከትከሻሽ ተነስታ ወደ ኋላና ወደ ላይ ሰያፍ መሄድ አለባት። ወደ ታች ከወረደች ማዘያው ለጀርባሽ ልክ አልሆነም ማለት ነው።

ለሁለታችሁም የሚሆን አለ፣ የጀርባ ርዝመቱ የሚስተካከል ፈልጊ። ብዙዎቹ ይስተካከላሉ፣ ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። አንዳንዱ በአንድ ጉተታ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንዱን ግን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እና መንገድ ላይ ሸክም ስትቀያየሩ ልጅቷ እያለቀሰች ከቬልክሮ ጋር መታገል አትፈልጊም። ሱቁ ውስጥ አንዴ በባለቤትሽ ልክ፣ አንዴ ባንቺ ልክ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ደግሞ ባዶውን ለብሰሽ "ቀላል ነው" ብለሽ እንዳትገዢ። ማዘያው ብቻውን 3 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ልጅቷ ስትጨመር፣ ውሃ፣ ዳይፐርና ቅያሪ ልብስ ሲገባ 15 ኪሎ ይጠጋል። ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ፣ እሷኑ አዝለሽ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ በይ፣ ደረጃ ካለም ውጪ ውረጂ።

መልስ፦ አባ መንታ

ዳገት ወዳድ ስለ ተሸካሚው ተናግሯል፣ እኔ ስለ ተሳፋሪዋ ልናገር።

መቀመጫው ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። ስትቀመጥ አገጯ ፊቷ ካለው ስፖንጅ በላይ ይሁን፣ አፍንጫና አፏ እንዳይታፈን። በጣም ከፍ ካደረግሻት ደግሞ ግማሽ አካሏ ውጪ ቀርቶ ትወዛወዛለች። የውስጥ ቀበቶው በሁለቱም ትከሻዋ የሚያልፍ ይሁን፣ ሆድ ላይ ብቻ የሚታሰር አይበቃም።

ሰው የማያየው እርካቡን ነው። እግሯን የምታሳርፍበትን ማለቴ ነው፣ ቁመቱ የሚስተካከል መሆን አለበት። እግሯ ተንጠልጥሎ ከቀረ ክብደቷ በሙሉ ብሽሽቷ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ቆይቶ እግሯ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ማልቀስ ትጀምራለች፣ እናንተ ደግሞ ርቧት ይመስላችኋል። ጭኗ መቀመጫው ላይ አርፎ ጉልበቷ ከቂጧ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ሲል ነው ልኩ።

የፀሐይ ጥላው አብሮ የሚመጣ ከሆነ ጥሩ፣ ለብቻ የሚሸጥ ከሆነ ሂሳቡ ውስጥ አስገቢው። አፏ የሚነካው ስፖንጅ ተነቅሎ የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል፣ ምራቅ በምራቅ ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እሷ ጀርባሽ ላይ ስትሆን ራሷ ካንቺ ራስ ከፍ ሊል ይችላል። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ያመለጥሽው ቅርንጫፍ እሷን ነው የሚመታት። የበር ጉበንም እንደዚሁ።

መልስ፦ ቀለል አርጊው

እኔ ልቃወም። ይሄ ሁሉ ፍሬምና ብረት የግድ ነው? ያለ ድጋፍ መቀመጥ የቻለች ልጅ በለስላሳ ማዘያም ጀርባ ላይ ትታዘላለች፣ መመሪያው ጀርባ ላይ ይሆናል ካለ። ክብደቱ ከባለ ፍሬሙ ጋር አይወዳደርም፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቦታ አይጨርስም። ባለ ፍሬሙን የሚገዛው ሰው ብዛት ሌላ፣ በትክክል የሚጠቀምበት ሌላ። ብዙው ቤት ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሰዓት ላልሞላ የእግር ጉዞ ከሆነ ገንዘብሽን አታቃጥይ።

አልክድም፣ በሙቀት ጊዜ ጀርባና ደረት ተጣብቆ ሁለታችሁም ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ዕቃ መያዣም የለውም።

ጠያቂዋ፦ የቢቢ እናት

በጣም አመሰግናለሁ። ቀለል አርጊው፣ የኛ ጉዞ ብዙ ጊዜ 3 እና 4 ሰዓት ነው፣ ዕቃም አለን፣ ስለዚህ ወደ ፍሬሙ አደላለሁ። ሁለት ነገር ግን ያስፈራኛል። መንገድ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት አንገቷስ? ደግሞ ብቻዬን ስሆን እንዴት ብዬ ነው ጀርባዬ ላይ የማወጣት?

መልስ፦ ነርሷ

እንቅልፉን በተመለከተ፣ መተኛቷ አይቀርም፣ መወዛወዙ ራሱ ያስተኛል። የሚያሰጋው አገጯ ደረቷ ላይ ሲደፋ ነው፣ የአየር መንገዷ ይጠባል። ራሷ በጎን በኩል የሚደገፍበት ስፖንጅ ያለውን ምረጪ፣ የትከሻ ቀበቶዋም ላላ ብሎ እንዳይተዋት። ቶሎ ቶሎ ተመልከቻት። ባለቤትሽ ከኋላ ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ብቻሽን ከሆንሽ ትንሽ መስታወት ያዢ። አንገቷ ክፉኛ ከታጠፈ ቁሚ፣ አውርጃት።

ሌላው ብርድ ነው። አንቺ ዳገት እየወጣሽ ላብ ያጠምቅሻል፣ እሷ ግን ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው። በራስሽ ሙቀት አትለኪያት። የአንገቷን ጀርባ ንኪ፣ እግሯንና እጇንም እይ፣ ሱሪዋ ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ቁርጭምጭሚቷ ተራቁቶ ይቀራል። በየተወሰነ ጊዜም አውርደሽ እግሯን ታፍታታ።

ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስታነቡ ለኛም ይሆናል እንዳትሉ። ባለ ፍሬሙ አንገቱ ለጸና፣ ራሱን ችሎ ለሚቀመጥ ልጅ ነው፤ አንዳንዱ አምራች ዝቅተኛውን ክብደት 7 ኪሎ ግድም ያደርገዋል።

መልስ፦ ዳገት ወዳድ

ብቻሽን ስትሆኚ ማቆሚያው ነው የሚያድንሽ። ከታች የሚዘረጋ እግር አለው፣ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ "ቀጭ" ብሎ መቆለፍ አለበት። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሚው። ጠረጴዛ ላይ በፍጹም፣ ሰዎች ለማንሳት ይቀላል ብለው ያደርጉታል፣ ልጅ ሲንፈራገጥ ግን ተያይዞ ነው የሚወድቀው። ልጅቷን አስገብተሽ እሰሪያት፣ ዘለበቶቹን ጎትተሽ አረጋግጪ። ከዚያ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ከላይ ባለው እጀታ ይዘሽ አንዱ ጭንሽ ላይ አሳርፊው፣ አንድ ክንድ አስገቢ፣ ዞር ብለሽ ሌላውን። ወገብሽን አጉብጠሽ ከመሬት አትመንጭቂው። መጀመሪያ ውሃና ዳይፐር አስገብተሽ ቤት ውስጥ ተለማመጂው።

አዝለሽ እያለ ጫማ ለማሰርም ሆነ ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ አትበይ፣ በጉልበትሽ ቁጭ በዪ። መሮጥም ሆነ ብስክሌት የለም።

መልስ፦ አሮጌ ወዳድ

ያገለገለ ለጠየቅሽው፦ ግዢ፣ ግን እንደ ልብስ አይደለም። ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ ብዙም ያልተነካ ይገኛል። ስፌቶቹን በተለይ ማንገቻው ከፍሬሙ የሚገናኝበት ቦታ ላይ በጣትሽ እየጎተትሽ እይ። የፕላስቲክ ዘለበት ፀሐይ ሲበላው ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። ሁሉንም ዘለበት ቆልፈሽ በኃይል ጎትቺ። የውስጥ ቀበቶው ከጎደለ ወይም በሌላ ገመድ ከተተካ ተዪው።

ከዚያ ምልክቱን ፈልጊ። የሞዴሉ ስም፣ የተመረተበት ጊዜና የሚሸከመው ክብደት ይጻፍበታል። የአውሮፓው የደህንነት ደረጃ ኢኤን 13209-1፣ የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ2549 ነው። ክብደቱን ስታነቢ ልብ በይ፣ አንዳንዱ የሚለው ልጁን፣ ዕቃውንና ማዘያውን ራሱን ደምሮ ነው። 22 ኪሎ ሲል 22 ኪሎ ልጅ ማለት ላይሆን ይችላል።

የሞዴሉን ስም ይዘሽ አምራቹ በጉድለት ምክንያት መልሶ የጠራው እንደሆነም አጣሪ። ለምሳሌ ኦስፕሬይ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ያመረታቸውን ፖኮ የተባሉ ማዘያዎች በ2016 ጠርቷል፤ ትንንሽ ልጆች በእግር ማውጫው ሾልከው ሊወድቁ ስለሚችሉ ለገዢዎች የመቀመጫ ማጥበቢያ በነጻ ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ያገለገለ ሆኖ ያለ ማጥበቢያው ሊሸጥ ይችላል።

ጠያቂዋ፦ የቢቢ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ፦ ስናርፍ ማቆሚያው ላይ እንዳለች ላብላት?

መልስ፦ አባ መንታ

ማብላቱን ታበያለሽ፣ ግን እጅሽ ከፍሬሙ አይራቅ። ዞር ማለት ካለብሽ አውጥተሻት ነው።