የ1958ቱ የቻይና የጓሮ ምድጃ ብረት ለምን ከሸፈ?

ጥያቄ፦ የቻይናው መሪ ማኦ አገሪቱን በፍጥነት በኢንዱስትሪ ለማሳደግ ባካሄዱት «ታላቁ ወደፊት ዝላይ» ዘመቻ ጊዜ ገበሬው በየመንደሩ ያቀለጠው ብረት ለምን ለሥራ አልበቃም? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ፦ ዋናው ችግር ነዳጁ ነው። ኮክ (አየር በሌለበት ተግሎ ቆሻሻው የወጣለት የድንጋይ ከሰል) ስላልነበረ ጥሬ የድንጋይ ከሰል ወይም እንጨት ያነዱ ነበር። የከሰሉ ድኝ ብረቱ ውስጥ ይገባና ግሎ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ትንሹ የሸክላ ምድጃም ሙቀቱ ስለማይበቃ ቆሻሻው ከብረቱ ጋር አብሮ ይረጋል።

ሌላ መልስ፦ ኮታውንም አትርሱ። የ1957ቱ የብረት ምርት 5.35 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በአንድ ዓመት 10.7 ሚሊዮን ቶን ይግባ ተባለ። ማዕድን ሲያጥር ድስቱ ሁሉ ቀለጠ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጉልበቱ ነው፤ ሰው ምድጃ ላይ ሲውል የደረሰ ሰብል ማሳ ላይ በሰበሰ።

ጠያቂ፦ የተቃወመ አልነበረም?

መልስ፦ መከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ዴሁዋይ በ1959 ሉሻን በተደረገው የፓርቲ ስብሰባ ላይ ዘመቻውን የሚተች ደብዳቤ ለማኦ ጻፉ፤ ከሥልጣን ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ብዙው ባለሥልጣን እውነቱን ሪፖርት ማድረግ ፈራ፤ በዘመቻው ሳቢያ የመጣው ረሃብም እስከ 1961 ዘለቀ።