ፍቅሩ ቢወጣም ልቦለዱ አይጎዳም ተባለ፤ ስህተቱ የት ላይ ነው?

ቀለሟ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ለሆኑ አንባቢዎች የዲስቶፒያ (ሰው በጨቋኝ ሥርዓት ሥር የሚኖርበትን ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) ልቦለድ ረቂቅ ጨርሻለሁ፤ 30 ምዕራፍ ነው። ታሪኩ የሚሆነው ውኃ በኮታ በሚታደልባት፣ ስም ያልሰጠኋት ከተማ ውስጥ ነው። ማህሌት 17 ዓመቷ ነው፤ ለቤተሰቧ ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። የሚወዳት ናሆም ከአባቱ ጋር እየዞረ የሠፈሩን የውኃ ቆጣሪ ያነባል። ዳዊት የሚባል ሌላ ልጅም አለ፤ የጥበቃ አዛዡ ልጅ ነው።

ረቂቁን ሦስት ሰዎች አንብበውት ሦስቱም አንድ ነገር አሉ፦ «ፍቅሩ ደስ ይላል፣ ግን ቢወጣም ታሪኩ አይጎድልበትም።» እኔ ደግሞ የጻፍኩት ፍቅሩን ብዬ ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ፍቅሩን ከታሪኩ ጋር እንዴት ልስፋው? በእንግሊዝኛ እንደሚጻፉት በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ ነው የጻፍኩት («እሮጣለሁ፣ አያለሁ»)፤ ሲነበብ ግን ይጎረብጣል፣ ለምን? ሦስተኛ፣ ዳዊት ያስፈልጋል?

ድርና ማግ

እህት ቀለሟ፣ አንባቢዎችሽ ልክ ናቸው። ፍቅሩ ደካማ ስለሆነ ግን አይደለም። ውኃው ይታደላል፣ ልጆቹም ይዋደዳሉ፤ አንዱ ሌላውን የሚነካበት ቦታ የለም። በዚህ ዘርፍ ፍቅር የታሪኩ ልብ የሚሆነው መዋደዱ ራሱ ገዢዎቹ የሚቆጥሩትን ነገር ሲያዛባባቸው ነው።

ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችውን «ዘ ሀንገር ጌምስ» በዚህ ዓይን፣ እርሳስ ይዘሽ እንደገና አንብቢው። 27 ምዕራፍ ነው፣ በሦስት ክፍል ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ የተከፈለ። ሕጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ከ12 ዲስትሪክቶች (አውራጃዎች) 24 ልጆች በቴሌቪዥን ወደሚታይ የመገዳደል ጨዋታ ይገባሉ፣ አንድ ይወጣል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ፒታ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ከአንድ ዲስትሪክት አብራው የመጣችውን ተራኪዋን ካትኒስን እንደሚወድ ሲናገር ያ «አንድ» የሚለው ቁጥር ተሰነጠቀ። ተመልካቹ ሁለቱን አብሮ ማየት ፈለገ፤ አዘጋጆቹም ከአንድ ዲስትሪክት የመጡ ሁለት ልጆች አብረው ማሸነፍ ይችላሉ ብለው ሕጉን ለወጡ። ይህ አዋጅ የሚሰማው በምዕራፍ 18 መጨረሻ፣ የሁለተኛው ክፍል መዝጊያ ላይ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሕጉን መልሰው ሻሩት፤ ሁለቱም ያለ አሸናፊ እናስቀራችኋለን ብለው መርዛማውን ፍሬ ወደ አፋቸው አስጠጉ። ፍቅሩን ከዚህ ውስጥ አውጪው እስቲ። ሕጉ አይለወጥም፣ አይሻርም፣ መጨረሻውም አይመጣም።

አንድ ትንሽ ቦታ ደግሞ ቀረብ ብለሽ እዪ፤ ዋሻው። ፒታ ቆስሎ ተኝቷል። ካትኒስ ስትስመው ትኩስ ሾርባ በጃንጥላ ከሰማይ ይወርዳል፤ እሷም መልእክቱ ወዲያው ይገባታል፦ ካሜራው ፊት የሚታይ ፍቅር ምግብ ያመጣል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የገዛ ስሜቷን ማመን አቃታት፤ የልቧን ነው የምታደርገው ወይስ የሾርባውን? ጥርጣሬው የመጣው ከሥርዓቱ እንጂ ልጅቷ ዓይን አፋር ስለሆነች አይደለም። ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ጥንዶቹን የሚያራርቃቸው አለመግባባት ወይም ኩራት ከሆነ ያ ታሪክ የትም ሀገር፣ በማንኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ዲስቶፒያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው የልባቸው ድካም እንዳልሆነ፣ በዘር የሚቆጥረው ሥርዓት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ አንቺ ረቂቅ። መጀመሪያ ሕግሽን ቁጥር አስገብተሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፤ ለምሳሌ «ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፤ ለሌላ ቤት ያካፈለ ቤተሰብ ኮታው ይቋረጣል።» ልብ በይ፣ የሚቀጣው ቤተሰቡ ነው፣ ሰጪው ብቻ አይደለም። ይህን ከጻፍሽ በኋላ ናሆም ቆጣሪ አንባቢ መሆኑ ትርጉም ያገኛል፤ ለማህሌት የሚሰጣት እያንዳንዱ ስኒ ውኃ በገዛ እጁ የሚጽፈውን መዝገብ ያጎድላል። ሳይነካኩ በፊት ወንጀል ሠርተዋል ማለት ነው።

በ30 ምዕራፍ ውስጥ ሕጉ እስከ ምዕራፍ 3 ድረስ ሲቀጣ መታየት አለበት፤ ሲነገር ሳይሆን ሰው ሲቀጣበት። የመጀመሪያው ጥሰት ከምዕራፍ 8 ባይዘገይ ጥሩ ነው። ምዕራፍ 20 አካባቢ ደግሞ ከተማዋ በሁለቱ ምክንያት አንድ ነገር ትለውጥ፤ ኮታው ይቀንስ፣ ቆጣሪ አንባቢዎች ሠፈር ይቀያየሩ፣ የፈለግሽው ይሁን። እስካሁን ገዢዎቹ ስለ ሁለቱ ምንም ሳያውቁ 30 ምዕራፍ አልቆ ከሆነ፣ አንባቢዎችሽ ያሉሽን ያሉት ለዚህ ነው።

ፍቅርን ራሱን በሕግ መከልከልም ይቻላል። የሎረን ኦሊቨር «ዲሊሪየም» (እ.ኤ.አ. 2011) ፍቅርን በሽታ አድርጎ በ18 ዓመት «ፈውስ» ያዝዛል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ልጅቷ 95 ቀን ሲቀራት ነው። ጥቅሙ ሰዓቱ ከመጀመሪያው ገጽ መቁጠሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንባቢው «ታዲያ ትዳር እንዴት ይመሠረታል? ልጅ ማን ያሳድጋል?» እያለ ስለሚጠይቅሽ ለሁሉም መልስ ያለው ከተማ መሥራት ይኖርብሻል። በውኃው ቆይ፤ ቀላሉም ጠንካራውም እሱ ነው።

ፊደል ገበታ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

የሚጎረብጠው አማርኛ ለአሁንና ለወደፊት አንድ ቅርጽ ስለሚጠቀም ነው። «በሩን እከፍታለሁ» ሲባል ጆሮ የሚሰማው «ልከፍት ነው» ወይም «ሁልጊዜ እከፍታለሁ» ነው፤ እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ አይሰማም። «እየከፈትኩ ነው» ትክክለኛው አሁን ነው፣ ግን አንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ሲመጣ ያደክማል። ስለዚህ አጭር ኃላፊ ጊዜ ያዢ፦

የነበረው፦ «ጀሪካኑን አነሳለሁ። ቆጣሪው ይጮኻል። ናሆም ያየኛል።»

የታረመው፦ «ጀሪካኑን አነሳሁ። ቆጣሪው ጮኸ። ናሆም አየኝ፤ አየኝና ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰ።»

የአሁን ጊዜ አጻጻፍ የሚሰጥሽ ትልቁ ነገር ተራኪዋ ትትረፍ አትትረፍ አለመታወቁ ነው። ያንን በኃላፊ ጊዜም ማቆየት ይቻላል፤ «በኋላ እንደተረዳሁት»፣ «ያን ቀን ሳስታውስ» የሚሉትን በሙሉ ሰርዢ። ከወደፊት ሆና የምታወራ ከመሰለች ተርፋለች ማለት ነው፤ አንባቢውም መስጋቱን ይተዋል።

አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ የሌለው፣ አንቺ ግን እጅሽ ላይ ያለ ነገር። ከተማሽ ሰውን ሁሉ በ«እርስዎ» ብቻ መጥራት ግዴታ ታድርግ። ሕፃኑም ሽማግሌውም «እርስዎ»። «እርስዎ» ጾታ አይለይም፤ ድምፅ ማጉያው «ይሰለፉ፣ ይቅዱ፣ ይሂዱ» ሲል ማህሌት ሴት መሆኗ እንኳ በቃል አይታወቅም። ከዚያ አንድ ማታ ናሆም ዝቅ ባለ ድምፅ «ነይ» ይላታል። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ሕግ ጥሳለች፣ አቅርባታለች፣ ሴትነቷንም መልሳላታለች። ከዚያ ወዲያ «እወድሻለሁ» ማለት ላያስፈልገው ይችላል። ጥንቃቄው ታዲያ ከዚያች ገጽ በፊት በንግግር ውስጥ አንድም «አንቺ» እንዳያመልጥሽ ነው፤ እናቷ እንኳ «ይምጡ፣ ልጄ» እያለች መጥራት አለባት። ያ እናት ራሱ ልብ ይሰብራል። ንግግሮቹን ብቻ ለይተሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፤ ሾልኮ የቀረውን ጆሮሽ ይይዘዋል።

አንድ ልጨምር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ደብዳቤ በሚመረመርበት ከተማ ይህ ሀብት ነው። «ገና እንገናኛለን» ብሎ ቢጽፍላት፣ መርማሪው አላልቶ «ወደፊት አንድ ቀን» ብሎ ያልፈዋል፤ እሷ አጥብቃ ታነበውና የልደት በዓል ዕለት ቀጠሮ እንዳላት ታውቃለች። እንዲህ ያለው ከሁለት ጊዜ በላይ ባይሆን ይሻላል። ሲበዛ እንቆቅልሽ ይሆናል፤ ፍቅሩም ይደርቃል።

ሚዛን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን 4 ሊትር ሲባል ዝም ብሎ ቁጥር እንዳይሆን። በአደጋ ጊዜ ዕርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። ከዚያ ውስጥ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ የሚያስፈልገው 3 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ 4 ሊትር የሚሰጥ ከተማ ሰዎቹን አይገድልም፤ እንዲሸቱ ያደርጋቸዋል። ለልብስ፣ ለገላ፣ ለዕቃ፣ ለሁሉም የቀረው አንድ ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን በትክክል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይደርሰዋል፤ ማህሌት የምትሸከመው የውኃው ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ነው። እየሮጠች እንዳታስመልጫት።

ከዚህ ስሌት የፍቅር ትዕይንት ይወጣል። ናሆም ግማሽ ሊትር ይሰጣታል፤ እንድትጠጣው ሳይሆን ፀጉሯን እንድትታጠብበት። በማግስቱ ሰልፉ ላይ የሁሉም ፀጉር አቧራ ጠጥቷል፣ የእሷ ብቻ ያበራል። ስጦታው ራሱ ማስረጃ ሆነ፤ ሻሽ ብታስር ደግሞ «ለምን ዛሬ አሰረች?» ይባላል።

ውኃውን ከየት አመጣው? ቆጣሪ አንባቢ የሚያውቀው ነገር አለ። ክንፉ በውኃው ግፊት የሚዞር ተራ ቆጣሪ ውኃው በጣም በዝግታ ሲፈስ አይንቀሳቀስም፤ ቧንቧው ጠብ ጠብ ካለ ንባቡ አይቀየርም። በሰከንድ አንድ ጠብታ፣ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለሽ ብታሰዪ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ለመሙላት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሁለቱ አንድ ጠርሙስ ሥር ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉ፤ መነጋገር አይችሉም፣ መሄድም አይችሉም። ከማንኛውም የሩጫና የተኩስ ምዕራፍ ይህን ምዕራፍ እመርጣለሁ። ለዚህ ዕድሜ አንባቢ እጅ ለእጅ መነካካት ይበቃል፤ ጨለማውና ጠብታው ሌላውን ይሠራሉ። ከምዕራፍ 8 ይልቅ ግን 6 ላይ አድርጊው፤ አንባቢውን ብዙ አታስጠብቂ።

ስለ ዳዊት፦ ሁለተኛ ልጅ የሚያስፈልገው ለሕጉ ሁለተኛ መልስ ከሆነ ብቻ ነው። በ«ዘ ሀንገር ጌምስ» ተወዳዳሪ በሚመረጥበት ዕጣ ውስጥ የካትኒስ ስም 20 ጊዜ አለ፣ የአደን ጓደኛዋ የጌል 42 ጊዜ፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ ቁጥሩ ይናገራል። ጌልና ፒታ በመልክ አይደለም የሚፎካከሩት፤ «ይህን ሥርዓት ምን እናድርገው?» ለሚለው የተለያየ መልስ ይዘዋል። ዳዊት መልከ መልካም ብቻ ከሆነ አውጪው። ቤተሰቧን 15 ሊትር ወደሚታደልበት ሠፈር በሕጋዊ መንገድ ማዛወር የሚችል ከሆነ ግን አቆዪው፤ ደግ ልጅም አድርጊው። ክፉ ካደረግሽው ምርጫው ምርጫ አይሆንም።

ቀለሟ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። «እርስዎ»ን ዛሬውኑ ከምዕራፍ 1 እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሌሊት ጠብታው ጠርሙስ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት አለ። መጨረሻውስ? አሁን ከተማዋ ነፃ ወጥታ ሁለቱ ምንጭ ዳር ተቃቅፈው ነው የሚያልቀው።

ድርና ማግ

መጨረሻው ላይ ሥርዓቱ ፍቅሩ ውስጥ ጠባሳ መተው አለበት። ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የ«ዘ ሀንገር ጌምስ» ተከታታይ ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ የፒታን ትዝታ በመርዝ አስበረዘችው፤ ካትኒስን ሲያይ ይፈራታል። ከዚያ በኋላ የቀረላቸው «ይህ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» እያለ አንድ በአንድ እየጠየቃት መልሶ መገንባት ነው። አንቺም ምንጩን አትሰርዢው፤ ግን ማህሌት ምንጭ ዳር ቆማ እጇን ለመታጠብ ስትጎነበስ ስንት ሊትር እንደሆነ ትቁጠር። ናሆምም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ የምታደርገው ይግባው፤ እሱም ይቆጥራልና።

ለድምፁ ክር አለ። አንዱን ጫፍ ቧንቧው አፍ ላይ ታስሪያለሽ፣ ሌላውን ጠርሙሱ ውስጥ ትለቂዋለሽ፤ ጠብታው በክሩ ተንሸራቶ ያለ ድምፅ ይወርዳል። የጥጥ ፈትል ይሁን፤ ናይለን ከሆነ ውኃው ስለማይይዝለት ከመሃል ያመልጣል። መጀመሪያ በውኃ ይርጠብ፤ ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደ ጎን ይረጫሉ። ማህሌት ክሩን ከነጠላዋ ጥለት ላይ ከመዘዘችው ደግሞ በምዕራፍ 3 ጥለቱ ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት፤ አንድ ክር እንደጎደለው በኋላ የሚያስተውለው ዳዊት ይሁን።